የአባዬ ኮሮላ ውሃ ስትቋጥር

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው የጀመረው። ጠዋት ከኮተቤ ወደ መገናኛ ስወርድ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከግራ ክርኔ ስር የሆነ ነገር ይንቦጫረቃል። ኋላ ወንበር ስር ጀሪካን የረሳሁ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ምንም የለም። መብራት ሲይዘኝ ሬዲዮኑን ዘጋሁና አዳመጥኩ። መብራቱ ለቆ መኪናዋ ገና ስትንቀሳቀስ ውሃው ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ፍሬን ስይዝ ተመልሶ መጣ። ድምፁ ከበሩ ውስጥ ነበር።

መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። የአባዬ ነበረች። ከኔም ከወንድሜም በፊት እቤታችን የገባች፣ አባዬ በየቅዳሜው ባልዲና ጨርቅ ይዞ የሚያጥባት መኪና ናት። እሱ ካረፈ በኋላ ሰው ሁሉ "ሽጪያትና ሌላ ግዢ" ይለኛል። አልሸጣትም። ለዚህም ነው በሯ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ስሰማ ሆዴ የተላወሰው። ዲኤክስን ሞተር አይገድላትም። የሚገድላት ዝገት ነው።

መሥሪያ ቤት ስነግራቸው ሁሉም ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ "ጎማው አርጅቷል፣ ሲሊኮን ምቺበት።" እኔም ሲሊኮን ገዛሁ። ደግነቱ ከመቀባቴ በፊት ሰፈራችን ወዳሉት አዛውንት መካኒክ ጎራ አልኩ። አባዬን ያውቁት ነበር።

"ጋሼ፣ በሩ ውሃ እያስገባ ስለሆነ ይህን ልቀባው ነው" አልኳቸው።

ሲሊኮኑን ከእጄ ወሰዱና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡት። "ልጄ፣ ውሃ የማያስገባ በር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"የለማ! መውጫውን ምን ነካው በይ እንጂ።"

ከዚያ የሌላ መኪና በር ከፍተው አሳዩኝ። እኔ ይህን ያህል ዘመን ስነዳ ልብ ብዬው አላውቅም። የበሩ መስታወት ወደ ታች የሚገባበት ስንጥቅ አለ። ከውጭ በኩል መስታወቱን እየጠረገ የሚይዘው ቀጭን ጎማ አብዛኛውን ዝናብ ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም፤ አዲስም ቢሆን። መስታወቱ ላይ የሚወርደው ውሃ የተወሰነው በስንጥቁ ገብቶ በሩ ሆድ ውስጥ ይወርዳል። የሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በሩ ግርጌ ላይ፣ በሩ ሲዘጋ በማይታየው ጠርዝ፣ ትንንሽ ቀዳዳዎች ትተውለታል። ውሃው በላይ ይገባል፣ በታች ይወጣል። ዝናብ ላይ ከቆየ መኪና በር ስር ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ብታዩ አትደንግጡ። ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጠብ የማይለው ነው የሚያስፈራው።

አዲስ አበባ ደግሞ ዝናቡን ታውቁታላችሁ። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። መጠለያ የሌለው ግቢ ውስጥ ለሚያድር መኪና ይህ ማለት ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ በሩ ሆድ ውስጥ ውሃ ይገባል ማለት ነው። መውጫው ከተደፈነ ብዙ ቀን አይፈጅበትም፣ ይቋጥራል።

"በይ እቤት ሂጂና ቀዳዳዎቹን ፈልጊ። ከቀኙ በር ጋር አስተያዪው" አሉኝ።

እሁድ ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ካርቶን አንጥፌ ተንበረከክሁ። የቀኝ የፊት በር ግርጌ ላይ ሦስት ሞላላ ቀዳዳ አለ። ጣቴን ስሰድ ይሰማኛል። የግራው ላይ ግን አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት፣ እሱም ወደ ኋላ በኩል ያለው ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ሊኖሩበት በሚገባው ቦታ ላይ ለስላሳ፣ በደንብ የተቀባ ነጭ ቀለም ነው ያለው። በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው የላሜራ ድምፅ አልሰጠም። ስቱኮ ነው።

ያኔ ገባኝ። አምና ቦሎ ከመድረሱ በፊት የዚህ በር ግርጌ ዝጎ ስለነበር አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። የዛገውን ቆርጠው በላሜራ ለጠፉ፣ ስቱኮ መቱ፣ ቀለም ቀቡ። ሳያት ደስ ብሎኝ ነበር። በሩ እንደ አዲስ ሆኖ ነበር። ቀዳዳዎቹን አብረው እንደደፈኑ ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አላወቅሁም። ዝገቱን ያመጣው ውሃ ነው፤ እነሱ ደግሞ የውሃውን መውጫ ዘጉት። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ይህን የምታነቡ ቀጥቃጮች ካላችሁ እባካችሁ፣ የበር ግርጌ ከሠራችሁ በኋላ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊትም ከቀባችሁ በኋላም ቀዳዳዎቹን ክፈቷቸው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ቀዳዳስ? እሱን የደፈነው ጽዱ ነው። መኪናዋ የምታድረው በአጥራችን ጽድ ስር ነው። ቅጠሉ እየረገፈ መስታወቱ ስር ባለው ስንጥቅ ይገባል፣ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ቀዳዳው አፍ ላይ እንደ ጭቃ ይጋገራል። በዚያ ላይ ግቢያችን ቁልቁል ነው፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ስለምታድር ውሃው የሚጠራቀመው ፊት ለፊት፣ ልክ ስቱኮው በደፈነው በኩል ነው።

እማዬ የስፌት ወስፌ አላት። ጠይቄያት ሰጠችኝ። የስቱኮውን መሃል በወስፌው ጫፍ ቀስ እያልኩ ማዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ ነጭ ዱቄት ወጣ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ከዚያ እርጥብ ነገር። አንዴ ገፋ ሳደርገው ወስፌው እስከ እጀታው ጥልቅ አለ። ስነቅለው ውሃው እንደ ቀጭን ገመድ ፊቴ ላይ ተፈተለከ። ቀለሙ ወፍራም ሻይ ይመስላል። ብረት ብረት ይሸታል፣ ደግሞ የጽድ። ከስሩ ድስት አድርጌ ያዝኩት። ሁለተኛውን ስከፍተው ከውሃው ጋር ጥቁር አተላና ተሰባብሮ የላላ የዝገት ቅርፊት መጣ። ኋላ በሁለት ሊትር ፕላስቲክ ስለካው አንዱን ሞልቶ ከሌላኛው እስከ ግማሽ ደረሰ። ሦስት ሊትር ውሃ በሩ ውስጥ ይዤ ስንት ቀን መገናኛ ተመላልሻለሁ ማለት ነው!

ለጋሼ ስነግራቸው ወስፌውን አልወደዱትም። ልክ ናቸው። ስቱኮ ለመብሳት ግድ ሊል ይችላል፣ ነገር ግን ጭቃና ቅጠል ብቻ ከሆነ የደፈነው ብረት አይነካም። ሚስማርና ካቻቢቴ የቀዳዳውን ጠርዝ ቀለም ይልጠዋል፣ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበት ቀጭን ፕላስቲክ በቂ ነው፤ እየገፉ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ በላይ በኩል ውሃ ማፍሰስ። እኔ የቧጨርኩትን ጠርዝ ደርቆ ካደረ በኋላ በትንሽ ብሩሽ አንቲሩጅን ቀቡልኝ።

አሁን ውስጡን ማየት ነበረብን። የበሩን የውስጥ ልባስ ማውለቅ ማለት ነው። ዲኤክስ መስታወቷ በእጅ ነው የሚወርደው፣ እጀታውን የያዘችው ደግሞ ከኋላው የተደበቀች ቀጭን የሽቦ ክሊፕ ናት። ብዙ ሰው በካቻቢቴ እየፈለቀቀ እጀታውን ይሰብራል። ጋሼ ያደረጉት እንዲህ ነው። አሮጌ የጨርቅ ቁራጭ በእጀታውና በልባሱ መሃል አስገቡ። ጨርቁን ጫማ እንደሚወለውል ሊስትሮ ግራ ቀኝ ሳቡት። ጠቅ አለና ክሊፑዋ ወጣች። "እጅሽን ደቅኚ፣ ትበራለች" ብለውኝ ስለነበር መዳፌ ላይ አረፈች። ይህን ብልሃት ባያሳዩኝ ኖሮ ክሊፑዋን እስከ ዛሬ ሣር ውስጥ እፈልጋት ነበር።

ልባሱ ሲነሳ ከኋላው በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። ወይም መኖር ነበረበት። በኔ በር ላይ ግማሹ ተቀዷል፣ ታችኛው ጫፍ ደግሞ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ይህ ላስቲክ ሰው የሚንቀው ግን ትልቅ ሥራ ያለው ነገር ነው። በሩ ሆድ ውስጥ የሚረጨው ውሃ ወደ መኪናው ክፍል እንዳይሻገር የሚመልሰው እሱ ነው። ታችኛው ጫፉ ወደ በሩ ሆድ ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ ያኔ ላስቲኩ ላይ የወረደው ውሃ ተመልሶ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሄዳል። ወደ ውጭ ከተገለበጠ ውሃውን ቀጥታ ምንጣፉ ላይ ያፈሰዋል።

የታናሽ ወንድሜ ቪትዝ ጉዳይ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። እሱ ውሃ አይንቦጫረቅበትም። ያስቸገረው ምንጣፉ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የፊት ተሳፋሪው እግር ስር ይረጥባል፣ ይሻግታል፣ ጋዜጣ ያነጥፋል፣ ጋዜጣው ይረጥባል። የፊት መስታወቱ ጎማ ነው ተብሎ አንዴ አስነቅሎ አስለጥፎታል። የካሎሪፌሩ፣ ማለትም የመኪናው ማሞቂያ፣ ውሃ ነውም ያሉት ነበሩ። የካሎሪፌር ቢሆን ግን ዝናብ አይጠብቅም፣ ሲነካም ያሙለጨልጫል። የሱ ንጹሕ ውሃ ነው፣ የሚመጣውም ዝናብ ባደረ ማግስት ብቻ ነው። በሩን ከፈትነው። ስፒከር ያስገቡለት ሰዎች ላስቲኩን በስፒከሩ ልክ ቀደው፣ የቀረውን አንጠልጥለው ትተውታል። ስፒከሩም ከስሩ ዝጓል፣ መስታወት የሚያወርደው ሞተር መሰኪያም አረንጓዴ ሆኗል። መስታወቱ አልፎ አልፎ አልንቀሳቀስ የሚለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባው።

ለሁለቱም መኪና ወፍራም የግንባታ ላስቲክ ገዝተን፣ አሮጌውን እንደ ልብስ ስፌት ቅድ ዘርግተን ቆረጥን። ዙሪያውን ለጠፍን። ታችኛውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፍን። አሮጌው ጥቁር ሙጫ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሲል መልሶ ይለጥፋል፤ ካልበቃ ብቻ አዲስ ይጨመራል። ምንጣፉን ሳታነሱ ግን ጨርሰናል እንዳትሉ። ከስሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ ሳምንታት ይቆያል፤ ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ስሩ ያለው ላሜራ ይዝጋል። ወንድሜ ወንበሩን ነቅሎ ምንጣፉን በረንዳ ላይ አስጥቶ ነው ያደረቀው። በነሐሴ ደግሞ ምን ፀሐይ አለ። አሥር ቀን ፈጀበት።

ለኔዋ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ግን ያልደረቀ የመስታወት ጎማ አገኘሁ። አሮጌው እንደ ብስኩት ይሰባበር ነበር። ጎማው ውሃውን ይቀንሳል፣ አያስቀርም። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀዳዳውን፣ ቀጥሎ ላስቲኩን፣ ከዚያ ነው ጎማውን ማየት የሚገባው። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከጎማው ነው፣ ምክንያቱም የሚታየው እሱ ነው።

የተቃጠለ ዘይት በሩ ውስጥ ርጪበት ያሉኝም አሉ። ዝገት ያቆማል ይላሉ። እኔ አላደረግሁትም። ዘይት የመስታወቱን ጎማ ያበላሻል፣ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ከጽዱ ቅጠል ጋር ሆኖ መልሶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ውስጡን ካደረቅነው በኋላ ጋሼ በሰም መልክ የሚደርቅ የዝገት መከላከያ፣ የበሩ ላሜራ በሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ላይ ረጩበት። ዝገት የሚወልደው ያ መታጠፊያ ነው። ሁለት ላሜራ ተጣብቆ በመሃሉ ውሃ ይይዛል። ከውጭ ቀለሙ አብጦ ስታዩት ውስጡ ከተበላ ቆይቷል። ሲረጩ ግን ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍን ደርቆ ሳያልቅ መልሰው በፕላስቲኩ ከፈቷቸው።

ልባሱን ከመግጠማችን በፊት ፈተናት። አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ሌላው በጆግ ውሃ መስታወቱ ላይ ቀስ አድርጎ ያፈሳል። ባንዴ የሚለቀቅ ውሃ ምንም አያሳይም፤ እንደ ዝናብ ቀጭን መሆን አለበት። እማዬ አፈሰሰች፣ እኔ ውስጥ ሆኜ አዲሱን ላስቲክ በባትሪ አየሁ። ጋሼ ከታች ጎንበስ ብለው "መጣ! በሦስቱም መጣ!" አሉ። ላስቲኩ ላይ ጠብታው ከኋላ ሲወርድ ይታየኛል፣ ወደ ውስጥ ግን አንድም አልተሻገረ።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። የሰፈር ልጆች ዝናቡን እየጠበቁ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ መጣላቸው። ጩኸታቸው ሲሰማ ጃንጥላ ይዤ ወደ መኪናዋ ወጣሁ። በግራው በር ስር ሦስት ቦታ መሬቱ ተቦርቡሯል፣ ውሃው ሦስት መስመር ሆኖ ይወርዳል። ጠዋት ቁልቁለቱን ስወርድ ሬዲዮኑን ዘግቼ ፍሬን ያዝኩ። ፀጥ።

አሁን የቀኝ የኋላው በር ይቀረኛል። የእጀታው ክሊፕ ዝጎ በጨርቁም አልወጣ ብሎኛል። መስቀል አልፎ ፀሐዩ ሲጠና ከጋሼ ጋር እንከፍተዋለን።