የበጉ ጭንቅላትና የእትዬ ቋንጣ

ከአከራዬ ጋር አሁን የምንግባባው በጭንቅላት ብቻ ነው። እሳቸው ነቅነቅ፣ እኔም ነቅነቅ፣ አለቀ። የተጣላነውም በጭንቅላት ነው። በበግ ጭንቅላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የማስተምርበት ቦታ «ቤተ ሙከራ» የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ክፍል አለ፤ ክፍሉ ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ አለ፤ ማይክሮስኮፑ የተቆለፈበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ግን ጡረታ ከወጡ ሰውዬ ጋር አብሮ ጡረታ ወጥቷል። ስለዚህ ስለ እንስሳት ጥርስ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። አንድ ቀን በግ ስዬ አንዱ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አዞ ሣር ይበላል እንዴ?» አለኝ። እውነተኛ የራስ ቅል ያስፈልገኛል ብዬ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ፋሲካ ደረሰ። የምኖረው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዋናው ቤት እትዬ አሉ። (አከራዬን እትዬ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን እዚህ ብጠራ ደግሞ ሌላ ቤት መፈለጌ ነው።) ግቢው ውስጥ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ግንባሩ የሰፋ፣ አስፈሪ በግ ታረደ። አራጁ ጭንቅላቱን ወደ ቆሻሻው ሊወረውር ሲል «ተው ተው፣ እሱን ለእኔ» አልኩት። ቢላውን እንደያዘ ከላይ እስከ ታች አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደሞዝ ገና ነው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ አንጀቱን በላሁት መሰለኝ፣ «ሳንባውንም ልጨምርልህ?»

የራስ ቅል ላጸዳ ነው ስላቸው ሰዎች ሁሉ የሚመልሱልኝ አንድ ነው፦ ቀቅለው። አይሆንም! ሲቀቀል ስቡ ቀልጦ አጥንቱ ውስጥ ይገባና ቆይቶ ቢጫ እያደረገ ይወጣል። አፍንጫው ውስጥ እንደ ወረቀት የሳሱ አጥንቶች አሉ፣ እነሱም ይበላሻሉ። በረኪናም ክልክል ነው፤ አጥንቱን እየበላ እንደ ጠመኔ ፍርክስክስ ያደርገዋል። ተፈጥሮ ራሷ ብታጸዳው ነው የሚሻለው። ይህን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ጨርሻለሁ። አንድ መስመር ብቻ ዘልያለሁ። እሱ ላይ እንደርሳለን።

መጀመሪያ መቅበር ነው የሞከርኩት። ወጪ የለውም፤ አፈር ውስጥ ያለው ጉንዳንና ትል፣ ዓይን የማያየው ባክቴሪያም ጭምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥጋውን ይጨርሰዋል። ቀን እንግዳ ስለበዛ ሌሊት ተነስቼ ከጓሮ ጎመኑ አጠገብ ቀበርኩት። ሌሊት፣ በባትሪ፣ ቀንድ ያለው ጭንቅላት የሚቀብር ሰው ምን እንደሚመስል ያኔ አልታየኝም።

በዳግም ትንሣኤ ማለዳ ቡቺ ቆፍሮ አወጣው። ቡቺ የግቢው ውሻ ነው። ይዞት ጠፍቶ ቢሆን ጥሩ ነበር። እሱ ግን የሚችለውን ያህል ጎርሶ የቀረውን የጎረቤታችን በር ላይ አስቀመጠው። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። ጎረቤታችን ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በሩን ስትከፍት አፈር የለበሰ፣ ግማሽ ፊቱ የተበላ ባለ ቀንድ ነገር ያያታል። ኡኡታዋ ሰፈሩን አወጣው። መተት ነው ተባለ። ጠበል ተረጨ። ማን አስቀበረባት ሲባል የባሏ እህት ላይ ጣት ተቀሰረ። እኔ ጥርሴን እየፋቅኩ ዳር ቆሜ «ወይ ጉድ» እያልኩ ነበር። (ይህን ካነበብሽ፣ ይቅር በይኝ። የባልሽ እህት ንጹሕ ናት።)

ሲመሽ ጭንቅላቱን ከተጣለበት ቦይ ውስጥ አውጥቼ ወደ ሁለተኛው ዘዴ ገባሁ።

ሁለተኛው እንደ ልብስ መዘፍዘፍ ነው። ጭንቅላቱን በቀለም ባልዲ ውሃ ውስጥ ትነክራለህ፣ ባክቴሪያው እያሟሟ ይበላዋል፣ ውሃው ሞቅ ሲል ሥራው ይፈጥናል። እኔም ባልዲውን በጥቁር ፌስታል ሸፍኜ ከክፍሌ ጀርባ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። አራት ቀን ሰላም ነበር። በአምስተኛው ሽታው መጣ። ሽታ ስል ዝም ብሎ የሚያልፍ እንዳይመስላችሁ። ተከራይ ነው። ገብቶ ይቀመጣል። ሸሚዜ ውስጥ ተቀምጦ አብሮኝ ሥራ ይሄዳል። የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ተማሪዎቼ በሁለተኛው ሳምንት ሳልነግራቸው ወደ ኋላ ሄደው ተጣበቡ።

እትዬ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ነው ብለው ደመደሙ። መጣጭ መኪና አስጠሩ። ሰዎቹ ከፍተው ሲያዩ ገና ግማሽም አልደረሰም፤ ግን ከመጡ ወዲያ በባዶ አይመለሱም፣ ሂሳብ ጠየቁ። ምን ላድርግ፣ ግማሹን እኔ ልክፈል አልኩ። እትዬ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እንዳንተ ያለ ተከራይ ከየት ይገኛል፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ። ያን ምርቃት ቆሜ የተቀበልኩበትን ፊቴን አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ባልዲውን ማቆየት አልቻልኩም። ሌሊት አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ ደፋሁት። ቀንዱን ያዝ አድርጌ ባወጣው ስል ቀንዱ እንደ ጓንት ወልቆ እጄ ላይ ቀረና በቂጤ ተቀመጥኩ። ለካ የበግ ቀንድ ከላይ ያለው እንደ ጥፍራችን ያለ ነገር ነው፤ ውስጡ የአጥንት እምብርት አለው፣ ሲነከር ይላቀቃል። የበሬውም እንደዚሁ ነው፣ ባይላቀቅ ዋንጫ አይኖረንም ነበር። ውሃውን ስደፋ ጥርሶቹ እንዳይጠፉ በወንፊት አጠለልኩ። የበግ የታች የፊት ጥርስ ስምንት ነው። ሰባት አገኘሁ። ወንፊቱ የእትዬ ነበር። አዲስ ገዝቼ ቦታው መልሻለሁ፣ እስካሁን አላወቁም።

ሥጋው ግን አላለቀም። ጉንጩ ላይና ዓይኑ ዙሪያ እንደ ጅማት የደረቀ ነገር ቀርቷል። እዚህ ላይ ነው ጥንዚዛዎቹ የሚመጡት።

ቆዳ በል ጥንዚዛ ይሏቸዋል። ትንንሽ ናቸው፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አያልፉም፤ ዋናዎቹ በላተኞች ደግሞ ጠጉራም ቡናማ እጮቻቸው ናቸው። የደረቀ ሥጋ ነው የሚወዱት። አጥንቱን ሳይነኩ፣ ቢላ የማይገባበት ቀዳዳ ሁሉ ገብተው ይልሱታል። ትልልቅ ሙዚየሞች አጽም የሚያስጠርጉት በእነሱ ነው፤ አሜሪካ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቻርለስ ዲን በንከር የሚባል ሰው ከመቶ ዓመት በፊት አካባቢ ዘዴውን አሻሽሎታል። እኛ አገር ግን ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም። ቆዳ መጋዘን ሂድ።

ቆዳ ነጋዴ ዘመድ አለኝ። ብል ይላቸዋል። «ስንት ትሸጥልኛለህ?» ስለው ለረጅም ጊዜ አየኝ። «አንተ ልጅ፣ እኛ እነሱን ለመግደል እኮ ነው የምንከፍለው» አለኝና አንድ ሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉ ከደረቅ ቆዳ ላይ አራግፎ ሰጠኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ስመለስ አጠገቤ ያሉት እናት አዩት። «ተልባ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «ይንቀሳቀሳል» አሉ። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወረድኩ። በፈቃዴ ነው ለማለት ይከብዳል።

አሁን ጥፋቴን ላስረዳ። እነዚህ ፍጥረታት ለስላሳ የፕላስቲክ ግድግዳ መውጣት አይችሉም፤ ሳፋ ውስጥ ከከተትካቸው እዚያው ናቸው። ግን ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ነው ደስ የሚላቸው፣ የአዲስ አበባ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኔ አዘንኩላቸው። 40 ዋት አምፖል አበራሁላቸው። ብርዱ እንዳይገባ ብዬም የሳፋውን ውስጥ ዙሪያውን በቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ለበድኩት። ደረጃ ሠራሁላቸው ማለት ነው። በዚያ ላይ እጮቹ ወደ ጥንዚዛነት ሊለወጡ ሲሉ የሚተኙበት ጉድጓድ ይቦረቡራሉ፤ ፎም ደግሞ ለመቦርቦር የተመቸ ነው።

ሥራቸው ግን! ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ አዳምጣቸው ነበር። ሽሮ ራቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሲንተከተክ የሚመስል ድምፅ አላቸው፣ ተክ ተክ ተክ። ጠዋት ሳይ ከጉንጩ ትንሽ ተጨማሪ አጥንት ተገልጧል። የዓይኑ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ አንዷ እጭ ጭራዋን ወደ ውጭ አውጥታ ጭንቅላቷን እንደ ክር የቀጠነች ቀዳዳ ውስጥ ከታ ስትሠራ ቁርሴን ትቼ አይቻታለሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ነጭ፣ ንጹሕ፣ የሚያምር የራስ ቅል ሆነ። በደስታ አንድ ነገር አላስተዋልኩም። የበጉ ጭንቅላት ላይ ሥጋ አልቋል፣ እነሱ ግን ቁጥራቸው ቀንሷል።

የክፍሌ ግድግዳ ከእትዬ ኩሽና ጋር አንድ ነው። ኩሽናው ውስጥ ከፋሲካ ቅርጫ የተሰቀለ ቋንጣ አለ፣ ግማሹ ዱባይ ላለችው ልጃቸው ሊላክ። የሰኔ ጾም ስለገባ ማንም ወደ ቋንጣው ቀና ብሎ አላየም። ይህ ዘር ጨው የበዛበትን ሥጋ እምብዛም አይወድም፣ እትዬ ግን ደም ግፊት ስላለባቸው ጨው አያበዙም። ሁሉም ነገር ተመቻችቶ ነው የጠበቃቸው።

ሐምሌ 5 ጾሙ ተፈታ። እትዬ ቋንጣ ፍርፍር ሊሠሩ ገቡ። ከኩሽናው «ውይ!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ «መምህር፣ እስቲ ና»።

ቋንጣው ገመዱ ላይ እንዳለ ነው፣ ግን ቅርጹ ብቻ ነው የቀረው። ነካ ሲያደርጉት እንደ ደረቀ ቅጠል ይረግፋል። ከሥሩ ዱቄት፣ ዱቄቱ ውስጥ የወለቀ ጠጉራም ቅርፊት። እትዬ አንዷን በሁለት ጣታቸው አንስተው «አንተ የተማርክ ነህ፣ ይህ ምን የሚሉት ተባይ ነው?» አሉኝ።

ሰው ዝም ማለት ይችላል። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ ስጠየቅ አፌ ይቀድመኛል። «ደርመስቴስ ማኩላተስ!» አልኩ፣ ፈገግ ብዬ።

እትዬ ቀስ ብለው ዞሩ። «ስሙን ከነአባቱ ታውቀዋለህ?»

ዝም።

«የት ነው የተዋወቃችሁት?»

ሁሉም ነገር ወጣ። ባልዲው፣ መጣጭ መኪናው፣ ጓሮው፣ ቡቺ። ወንፊቱን ብቻ ዋጥኩ። ለማረጋጋት ብዬ «እትዬ፣ ለንደን ያለው ትልቁ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንኳ በእነዚህ ነው የሚያስጠርገው» ስላቸው «እነሱ ቋንጣ የላቸውም!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያ የዘለልኩት መስመርም ይህን ነበር የሚለው፦ ሙዚየሞች እነዚህን ጥንዚዛዎች ከስብስባቸው አርቀው ለብቻቸው ነው የሚያኖሯቸው፣ ካመለጡ የደረቀ የእንስሳት ነገር ሁሉ ይበላሉና። የቋንጣውን ዋጋ ስንተሳሰብ ደግሞ እትዬ በደረቁ አላሰቡልኝም። ከመድረቁ በፊት በነበረው ኪሎ ነው። በሁለት ደሞዝ ከፈልኩ። ያ አራጅ አሁን ቢያየኝ ግምቱ ልክ ነበር።

የራስ ቅሉን የተደበቀ እንቁላል ካለ እንዲሞት ብዬ የሰፈር ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ በፌስታል ጠቅልዬ አቆየሁት። («ምንድን ነው?» «የላብራቶሪ ዕቃ።») ስቡን በላርጎ ውሃ ዘፍዝፌ አስለቀቅኩ። ለማንጣት ፋርማሲ ገብቼ ባለ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አሥር ብልቃጥ ስጠይቅ ልጅቷ ደነገጠች። «ቁስሉ የት ላይ ነው?» «ጭንቅላት ላይ» አልኩ። «ሐኪም ቤት ይሂዱ እንጂ!» አለችኝ፣ ከልቧ ነው።

መስከረም ላይ ክፍል ይዤው ገባሁ። ጸጥ አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም። ያ የአዞው ተማሪ ቀርቦ አየና «ቲቸር፣ የላይ የፊት ጥርሶቹን የት ጣልካቸው?» አለ። በግ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፣ ድዱ እንደ መክተፊያ ነው የሚያገለግለው ብዬ በደስታ አስረዳሁ። አዳመጠኝ። ከዚያ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። «እሺ፣ የታቹስ ለምን ሰባት ሆነ?»

እንቁጣጣሽ ዕለት እትዬ በግ ሲያሳርዱ ወንበር አስወጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። አራጁ ጭንቅላቱን አነሳ፣ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። «ከአጥር ውጭ!» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። ወረወረው። ቡቺ ተከትሎ ሮጠ። እኔ ወደ ክፍሌ ስገባ አራጁ በመስኮት ብቅ አለና እያንሾካሾከ «ሳንባውን ግን አልከለከሉም» አለኝ።