ቻርጅ ያደርጋል፣ ዳታ ግን አያስተላልፍም

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ በተቃረበበት የሰኔ ወር መጨረሻ፣ መሐል ሜዳ ከተማ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት መስመሩ ተቋርጦ ወደ ደብረ ብርሃን መላክ የነበረበት የሒሳብ ሪፖርት በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ላፕቶፑ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በቅርቡ የተጫነበት ሲሆን፣ ብሮድኮም ለተባለው ኩባንያ የዋይፋይ ካርድ የሚያስፈልገው ድራይቨር (ካርዱን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ገና ስላልገባለት የስልክ ሆትስፖት እንኳ ማየት አይችልም። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ።

ይህን ቋጠሮ የሚፈታው የዩኤስቢ ኬብል ነው። አንድሮይድ ስልክ የዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል ለኮምፒውተር ማካፈያው) ሲከፈትበት ራሱን ለኮምፒውተሩ እንደ ኔትዎርክ ካርድ አድርጎ ያቀርባል፤ ለዚህ የሚሆነው ድራይቨር ደግሞ ከሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ከሥርዓቱ እምብርት፣ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ተጨማሪ የሚጫን ነገር የለም።

የሒሳብ ባለሙያው ስልካቸውን ሰክተው ቢጠብቁ ግን የቴዘሪንግ ምርጫው ደብዝዞ አልነካ አለ። «ይኸው ቻርጅ እያደረገ ነው፤ ሊኑክሱ ነው ስልኬን ያላወቀው። ልጄ፣ ዊንዶውሱን መልስልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ላፕቶፑ ስልኩን አይቶት እንደሆነ አስቀድመን እንመልከት» አልኳቸው። የሪፖርቱ ብቸኛ ቅጂ በዚያው ዲስክ ላይ ስለነበረ፣ ዊንዶውስን ለመመለስ ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግ ማለት የወራት ሥራቸውን ማጥፋት ነበር።

ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ተርሚናልን፣ ከፍቼ የከርነሉን መልእክቶች እየተከታተልኩ ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት። ስልክ ሲሰካ ከርነሉ አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ መገኘቱን፣ ብዙውን ጊዜም የአምራቹን ስም ጭምር፣ ወዲያውኑ ይጽፋል። በዚያን ጊዜ ግን አንዲት መስመር እንኳ አልተጨመረችም። ተራ የዩኤስቢ ኬብል በውስጡ ኃይል የሚወስዱ ሁለት ሽቦዎችና ዳታ የሚያስተላልፉ ሌሎች ሁለት ሽቦዎች ሲኖሩት፣ ለቻርጅ ብቻ ተብለው የሚሠሩት ርካሽ ኬብሎች የዳታዎቹ ሽቦዎች የሏቸውም። ስለዚህ ስልኩ ኃይል ቢያገኝም ከኮምፒውተር ጋር መገናኘቱን ሊያውቅ አይችልም፤ ምርጫው የደበዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ጸሐፊዋ ከስልኳ ጋር በካርቶኑ የመጣውን ኬብል አምጥታ ስንሰካው መስመሮቹ በስክሪኑ ላይ ተከታትለው ወረዱ፤ ቴዘሪንጉን ስናበራም ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው ኔትዎርክ ማኔጀር የተባለው ፕሮግራም ከስልኩ የአይፒ (የኔትዎርክ) አድራሻ ተቀብሎ ያለ ምንም ትእዛዝ ተገናኘ።

ሪፖርቱን ከመላካችን በፊት አንድ ነገር አስተካከልኩ። የስልኩ የኢንተርኔት ጥቅል ባለሙያው ከኪሳቸው የገዙት ነው፤ ኡቡንቱ ደግሞ የደኅንነት ማሻሻያዎችን በራሱ ጊዜ ከበስተጀርባ ስለሚያወርድ፣ በግንኙነቱ ቅንብር ውስጥ የዳታ ገደብ ያለው መሆኑን የሚገልጸውን ምርጫ አበራሁ። ብዙ ጊዜ ሥርዓቱ ይህን ከአንድሮይድ ስልኩ በራሱ ይረዳል፤ የሰው ገንዘብ ሲሆን ግን በዓይን ማረጋገጥ ይገባል ባይ ነኝ።

ሪፖርቱ ሄደ፤ የዋይፋይ ድራይቨሩንም በዚያው ግንኙነት «ተጨማሪ ድራይቨሮች» ከሚለው መስኮት ጫንነው። በማግስቱ የቢሮውን ኬብሎች በሙሉ በየተራ ሰክተን በከርነሉ መልእክት ፈተንን፤ ዳታ የማያስተላልፉትን በቀይ ፕላስተር ለይተን፣ ከሚያስተላልፉት አንዱን በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አስቀመጥን።