ለስንት ሰው ይበቃል? እስከ መቼስ ይቆያል?

የጾም ሰላጣ ወይም የፍትፍት አሠራር በጻፍኩ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይከተለኛል። አንዱ «ለስንት ሰው ነው?» የሚል ነው። ሌላው «ቢተርፍስ እስከ መቼ ይቀመጣል?» የሚል። ሰው ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ግን ጥሬ ምግብ ላይ ሁለቱ አይነጣጠሉም ባይ ነኝ። ስንት እንደሚበላ ካላወቃችሁ ስንት እንደሚተርፍም አታውቁም። የተረፈው ደግሞ እጅ የገባበት ከሆነ፣ እስከ መቼ ይቆያል ብሎ መጠየቁም አያስፈልግም።

ወጥ ሲሆን ነገሩ ቀለል ይላል። ቢተርፍ ማታ ይሞቃል፣ ጠዋት ለፍርፍር ይሆናል። እሳት ደጋግሞ ያየዋል። የተከተፈ ቲማቲም ግን እሳት የሚባል ነገር አያገኘውም። ከማሳው ይዞት የመጣው፣ ከእጃችን ያገኘው፣ ከመክተፊያው የነካው ሁሉ አብሮት ይበላል። ለዚህ ነው ስለ መጠንና ስለ ሰዓት ስናወራ ጠበቅ የምለው።

ከመጠኑ ልጀምር። እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የምንበላው በአንድ ገበታ ነው። «ለአንድ ሰው አንድ ኩባያ» የሚል አሠራር አንብባችሁ ትሪው ላይ ስትገለብጡት የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። እኔ የምለካው በእንጀራ ነው። ሌላ ወጥ ካለ፣ አንድ እንጀራ ለሚበላ ሰው አንድ ሙሉ ጭልፋ ጥሬ ሰላጣ ይበቃዋል። ሰላጣው ራሱ ምሳ ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ጭልፋ አስቡ። ልጆች የዚህን ግማሽ ቢበሉ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ጥቅል ጎመን ላይ ነው። አንድ ኪሎ የሚሆን ጎመን በቀጭኑ ስትከትፉት ሳፋ ይሞላል። ያኔ «ይሄማ ለሰፈሩ ይበቃል» ትላላችሁ። ጨው ነስንሳችሁ በእጃችሁ አሸት አሸት ስታደርጉት ግን ውሃውን ይለቅና ግማሽ ለግማሽ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሰው የሚቆጠረው ጎመኑ ከታሸ በኋላ ነው። አንድ ኪሎ ጎመን ከሦስት ካሮት ጋር፣ ከሌላ ወጥ ጎን ከሆነ ለስምንት ሰው፣ ብቻውን ከሆነ ለአራት ሰው ብዬ ነው የማስበው። ቀይ ሥር በጥሬው ፈግፍጋችሁ የምታቀርቡ ከሆነ ከዚህ ቀንሱ። ጣፋጭ ስለሆነ ሰው ቶሎ ይበቃዋል።

የቲማቲም ፍትፍት ሌላ ነው። ግማሽ ኪሎ ቲማቲም፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሦስት እንጀራ ለሦስት ሰው ምሳ ነው። ግን ሦስቱንም እንጀራ በአንዴ አትፈትፍቱ። ቲማቲሙ ጨው ሲነካው ውሃ ያወጣል፣ እንጀራው ያንን ይጠጣል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይላቁጣል። መጀመሪያ ሁለቱን ፈትፍቱና አቅርቡ። ሦስተኛው እንጀራና የተረፈው ቲማቲም ለየብቻ ተከድነው ይቆዩ። ከተፈለገ ይጨመራል፣ ካልተፈለገ እንጀራው ወደ መሶቡ ይመለሳል፣ ቲማቲሙ ፍሪጅ ይገባል። የተፈተፈተ ፍትፍት ግን ወደ የትም አይመለስም።

እሸት ባቄላ በመስከረምና በጥቅምት እዚህ በየመንገዱ ይሸጣል። ከነሽፋኑ አንድ ኪሎ ስትገዙ ተፈልፍሎ የሚወጣው ፍሬ ሲሶ ቢሆን ነው። ቡና ላይ ለአምስት ሰው ለመቀማመስ ሁለት ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። ከነሽፋኑ ፍሪጅ ውስጥ የተወሰኑ ቀናት ይቆያል። ከተፈለፈለ ግን በዚያው ቀን ብሉት። ያ ጣፋጭነቱ ካለፈ እሸት መሆኑ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ሰዓቱ። እኔ የምቆጥረው ቢላዋ ከነካው ጀምሮ ነው። ሙሉ ቲማቲም ቅርጫት ውስጥ ቀናት ይቀመጣል፣ ልጣጩ ይጠብቀዋል። ከተከተፈ በኋላ ግን ሌላ ምግብ ነው። የምግብ ንጽሕና ባለሙያዎች የሚሉት ግልጽ ነው፤ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ተህዋስያን በደንብ የሚባዙት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ትንሽ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከታችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ያያችሁት ቁጥር የፍሪጃችሁ ልክ ነው። በሩ ላይ ያለው ቦታ ከሁሉም ይሞቃል፤ ሰላጣ እዚያ አታስቀምጡ።

ይህን ስል አንድ መልስ አላጣም። «ደብረ ብርሃን ከተማው ራሱ ፍሪጅ አይደል እንዴ!» ይሉኛል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ብርዱን ማን ይክደዋል? በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ግን ሰላጣውን የምናሳድርበት ጓዳ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው 18 እና 20 ዲግሪ ይገባል። ሌሊት የቀዘቀዘው ሰላጣ ቀን ይሞቃል፣ ማታ እንደገና ይቀዘቅዛል። እኛ የምናስታውሰው የሌሊቱን ብርድ ነው። ምግቡን የሚያበላሸው የቀኑ ሙቀት ነው። ጓዳ ለድንች፣ ለሽንኩርት፣ ላልተነካ ጎመን ግሩም ቦታ ነው። ለተከተፈ ነገር ግን አይሆንም።

በተለይ ሁዳዴ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ቤት ብዙ ነው። እናት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሰላጣውን ከትፋ፣ ጨውና ሎሚ አድርጋ፣ ከድናው ትወጣለች። ቤተሰቡ ሲበላው 7 ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ቆይቷል ማለት ነው። ያውም ባዶ ሆድ ላይ ነው የሚገባው። ድካሟን አውቃለሁ፤ ከቅዳሴ መልስ ቆሞ መክተፍ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሥራውን ክፈሉት። ጠዋት እጠቡ፣ ውሃውን አጥልሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ ሙሉውን ተዉት። ፍሪጅ ካላችሁ ጎመንና ካሮቱን ብቻ ከትፋችሁ፣ ጨውም ሎሚም ሳይነካው፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስገቡት። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱና ሎሚው ከመልስ በኋላ ይደርሳሉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ማድረቁን ችላ አትበሉት። ፍሪጅ ውስጥ ቅጠል ቶሎ የሚያበሰብሰው የቀረበት እርጥበት ነው። ሰላጣ ቅጠሉ ሳይቆረጥ፣ ደርቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አምስት ቀን ይሄዳል። የተቆረጠውን በዕለቱ ጨርሱት። የተከተፈ ጎመንና ካሮት ቅመም ሳይነካው ሦስት ቀን ይቆያል። ሎሚና ጨው ያረፈበት እስከ ማግስቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ያቆራል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። አቮካዶ የገባበትን ግን በዚያው ምሳ ጨርሱት። መታጠቡን በተመለከተ፣ በአቸቶ መዘፍዘፍ በሚወርድ ውሃ ማጠብን አይተካም። አትክልቱ በወንዝ ውሃ ለምቶ ሊሆን ስለሚችል ቅጠሉን አንድ በአንድ ፈልቅቃችሁ እጠቡ።

ከገበታው ስለተረፈው ደግሞ። እኛ እንጎራረሳለን፣ ደስ የሚለው ወጋችንም እሱ ነው። ግን የሁላችንም እጅ ያረፈበት ሰላጣ ወደ ዕቃው ተመልሶ ከንጹሑ ጋር መቀላቀል የለበትም። መፍትሔው ትሪው ላይ ጥቂት ማውጣት ነው። ዋናው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሲያልቅ በደረቅና ንጹሕ ጭልፋ ይጨመር። እንግዳ ሲመጣ ትሪው ጎደሎ እንዳይመስል ብለን የምንቆልለው ነገር አለ፤ እሱን ለወጡ እንተወው። ዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፦ «ረቡዕ፣ 8 ሰዓት ተኩል»። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማን መቼ እንደከተፈው ሳይጠይቅ ያውቃል።

እህቴ ሸዋ ሮቢት ነው የምትኖረው። እሷ ጋ ስሄድ አንድ ነገር ይዤ ካልሄድኩ አይሆንልኝም። መኪናው ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን አቋርጦ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራቡ ይወልቃል፣ ከዚያ መስኮቱ ይከፈታል። ከ2,800 ሜትር ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው የምንወርደው። በጭንዬ የያዝኩት ዕቃም አብሮኝ ይሞቃል። ስለዚህ የምወስድላት ያልተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት ከነአፈሩ፣ ሎሚ በሙሉው ነው። እዚያ ደርሼ እሷ ቡናውን ስትቆላ እኔ እከትፋለሁ። ሰላጣው ከቢላዋ ወደ ትሪ ነው የሚሄደው። እዚህ ደብረ ብርሃን የጻፍኩትን ሰዓት ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ ወይም ሌላ ቆላ ላይ ያላችሁ በግማሽ ቀንሱት።

ስለ ዳጣ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው በጥሬው ተፈጭቶ ዘይት ሲጨመርበት ሰው «ዘይቱ ይጠብቀዋል» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ አደገኛ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ሲሸፈን አየር ያጣል። አየር የሌለበት ቦታ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። ሽታውም መልኩም ላይቀየር ይችላል። ዘይት ያለበት ዳጣ ፍሪጅ ይግባና በአራት ቀን ይለቅ። ብዙ ከሠራችሁ ዘይት ሳትጨምሩ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፤ ዘይቱ ሲበላ ይጨመርበታል።

በቆልት በጥሬው መብላት አሁን እየተለመደ ነው። ግማሽ ኪሎ ምስር በቅሎ ዕቃው ሙሉ ሲሆን ያስደስታል። ግን ምስሩን የሚያበቅለው ያው ሙቀትና እርጥበት ተህዋስያኑንም ያበዛል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለአዛውንትና ለታመመ ሰው በጥሬው አትስጡ። እናቶቻችን ጉንቁሉን ካበቀሉ በኋላ ይቀቅሉታል። እኔም ለእንግዳ የማቀርበው እንደዚያ ነው።

የመጨረሻው የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የጠፋበትን ሰዓት ጻፉ። ከዚያ የፍሪጁን በር አትክፈቱ። ካልተከፈተ ለ4 ሰዓታት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓታት፣ ግማሽ የሆነው ለ24 ሰዓታት ይቆያል። ፍሪጁ ከ4 ሰዓት ካለፈው የተከተፈውንና ዳጣውን አውጥታችሁ ድፉት። አትቅመሱት። ሙሉው ጎመን፣ ሙሉው ካሮት፣ ሎሚውና ቲማቲሙ ምንም አይሆኑም፤ ወደ ጓዳ መልሷቸው።