«ስንት ከብት አለዎት?»

በ2020 ሚኔሶታ ውስጥ፣ ዓይን እስኪደክም በቆሎና አኩሪ አተር ብቻ በሚታይበት አንድ ካውንቲ፣ በመንግሥት የግብርና ቢሮ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ። ኮቪድ የገጠሩን ገበያ ድብልቅልቁን አውጥቶታል። ትልልቆቹ ማረጃዎች ሠራተኛው እየታመመ ሲዘጉ ከብቱም አሳማውም ገዢ አጣ። መንግሥት ለገበሬዎች በቀጥታ የሚከፈል 16 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ምዝገባው ሜይ 26 ተጀመረ፤ የእኛም ስልክ ከዚያ ወዲያ ፋታ አልሰጠንም።

ሂሳቡ ወረቀት ላይ ቀላል ነበር። ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠ፣ ከ600 ፓውንድ በታች ለሆነ ጥጃ 102 ዶላር። ሳይሸጥ በረት ለቀረው 33 ዶላር። መጀመሪያ 80 በመቶው ይለቀቅ ነበር፣ የቀረው በኋላ። ሲመዘገቡ ደረሰኝ አምጡ አንልም ነበር፤ ገበሬው ያለውን ይናገራል፣ ይፈርማል። ኋላ ዕጣ የወጣበት ግን ይመረመር ነበር።

ቢሮው ለባለጉዳይ ዝግ ስለነበር ሁሉ ነገር በስልክ ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ደወሉ። ድምፃቸው ጎርናና ነው፣ ከኋላቸው ትራክተር ይጮኻል። ስንት ጥጃ እንደሸጡ ጠየቅኳቸው። «ፊፍቲን» አሉ። እኔ «ፊፍቲ» ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር። ደግሜ መጠየቅ ግን ከበደኝ። እኔ ባደግኩበት አገር የሰው ከብት አይቆጠርም። ትልቅ ሰውን «ስንት ከብት አለዎት?» ማለት ነውር ነው፤ ዓይን ይበላል ይባላል። አንዴ ጠይቄ ሁለተኛ አፌ አልታዘዝ አለኝ። 50 ብዬ ጻፍኩና ቅጹን በፖስታ ላክሁላቸው። እሳቸውም ሳያዩት ፈርመው መለሱት።

በመጀመሪያው 80 በመቶ 1,224 ዶላር መግባት ሲገባው 4,080 ገባ።

ያወቅነው ራሳቸው ደውለው ነው። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ብር የማን ነው?» አሉኝ። ደርቄ ቀረሁ። ዝም ቢሉና ምርመራው እሳቸው ላይ ቢወጣ፣ በሐሰት ፈረሙ የሚባሉት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ አይደለሁም። ያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዛሬ ቁጥር ሲነገረኝ «አንድ፣ አምስት?» ብዬ በነጠላ አስደግማለሁ። ከብቱ በጨረታ ሲሸጥ የተከፈለው ቼክ ስንት እንደነበርም እጠይቃለሁ። ሰዉ ይሰለቻል፤ ይሰልች።

በማግስቱ በፒክአፕ መጡ። መግባት ስለማይቻል እሳቸው ከመስታወቱ በር ውጭ፣ እኔ ከውስጥ፣ በስልክ አወራን። የጨረታውን ደረሰኝ መስታወቱ ላይ ለጠፉት። ጥፍሩ የጠቆረ አውራ ጣታቸው ከ15 ሥር ቆሟል። አለቃዬ የዚያኑ ቀን ሂሳቡን አስተካክላ የተረፈውን መመለሻ ደብዳቤ አዘጋጀች።

ይቅርታ ጠይቄ ለምን እንዳልደገምኩ ነገርኳቸው። ሳቁ። «እዚህም እኮ አይጠየቅም» አሉ፤ «የሰው ባንክ ደብተር እንደማየት ነው። አንተ መንግሥት ስለሆንክ ነው የነገርኩህ።»

ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው ስልኩን መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«አባትህ ከብት አለው?»

«አለው።»

«ስንት?»

«ተመስገን ነው፣ አይጠፋም» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ወደ መኪናቸው ሄዱ።