ባሕር ዳር፦ ዘንባባው፣ ግንቡና ጥላው

በደጀን በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን ያልፋል። ደክሞ ነው የሚደርሰው። እኔም ደክሜ ነበር፤ ሆኖም ጣናን ገና ሳላየው ድካሙ ለቀቀኝ።

ያረፍኩት በጎዳናው ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ዘንባባ ተደርድሮበታል፤ ዳርና ዳሩን እግረኛ በዛፍ ጥላ ሥር ይሄዳል። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ተማሪውም ሽማግሌውም ብስክሌት ይነዳል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ የጀርመን ባለሙያዎች ለከተማዋ ፕላን አውጥተውላታል፤ ስፋቱ ያለ ሐሳብ የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ስሄድ ዓይኔ ከመሬት አይነሣም። ክዳኑ የጠፋ ቱቦ አለ፣ ከኋላ ጥሩንባ አለ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ የቆመ መኪና አለ። ሰውነት ሳይታወቀው ቀኑን ሙሉ ዘብ ቆሞ ይውላል። ባሕር ዳር ላይ ቀና ብዬ ሄድኩ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት ትዝ አለኝ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕሙማን፣ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግንብ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ዛፍና ግንብ፤ ልዩነቱ መስኮቱ ብቻ ነበር።

ይህን እያሰብኩ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። የጠበቀኝ ግንብ ነበር! ከግንቡ ጀርባ ጣና እንዳለ ሽታው ይናገራል፤ ለማየት ግን በአንድ መዝናኛ በር መግባት፣ መቀመጥ፣ ቡና ማዘዝ ያስፈልጋል። ቡናው መልካም ነበር፤ ቢሆንም ጭንቀቱን ለማራገፍ የመጣ የቀን ሠራተኛ በስንት ብር ያራግፈዋል? ለሕዝብ ክፍት በሆነው ዳርቻ ግን ጥንዶች፣ የሚያጠኑ ተማሪዎችና ቆሎ ሻጮች ሞልተዋል። የቦታው ጥበት ራሱ ፍላጎቱን ይናገራል።

ነጻው ዕረፍት ያለው ደጀ ሰላም ነው። በጎጃም ገጠር ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ የታየ እንደሆነ መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከተማውም ይህን ልማድ አልተወም። ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው የጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው ግንድ ተደግፈዋል።

«እንዴት ዋሉ አባባ? ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚውሉት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንግዳ ነህ መሰል። ታዲያ የት ልዋል ልጄ? ሌላው ቦታ ሁሉ ምን ልታዘዝ ይላል።»

ከዚህ በኋላ እኔ የምጨምረው የለኝም ነበር።

በመጨረሻ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ለማየት ሄድኩ። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የየራሳቸው መስመር ተለይቶላቸዋል። እግረኛን አስቦ የተሠራ ድልድይ በአገራችን ብዙ አላየሁምና ደስ አለኝ። ችግሩ የሄድኩት በቀትር መሆኑ ነው። የባሕር ዳር ፀሐይ ከላይ ይወርዳል፣ ከአስፋልቱም ተመልሶ ይወጣል፤ ድልድይ ላይ ዛፍ አይተከል ነገር። ጥቂት እንደሄድኩ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቀስ አለ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት በእግሩ የሚሻገር እንግዳ ብቻ ነው። የከተማው ሰው የሚመጣው ወደ ማታ ነው፤ ይግቡ።»

ሒሳቡን ሳልጠይቅ ገባሁ።