መብራቱን የቆጠቡት እትዬ ናቸው

ሶኬት ላይ ተሰክታ «የመብራት ሒሳብ በግማሽ ትቀንሳለች» የምትባለዋ ትንሽ ሣጥን እኛ እንጀራ ቤትም አለች። አረንጓዴ መብራቷ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት ጋሼ እሷን ነው የሚያሳዩት። እኔ ደግሞ ባሳዩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ዛሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ነን፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ አለፍ ብሎ። ስምንት ምጣድ አለን። ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች እናስረክባለን። ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የመብራት ካርድ የማስሞላውም እኔ ነኝ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል፤ ጭማሪው ለአራት ዓመት ተከፋፍሎ ነው የተወሰነው። ጤፍ በአንድ በኩል፣ መብራት በሌላ በኩል። እንጀራው ላይ ደግሞ እንደፈለጉ መጨመር የለም። ሃምሳ ሳንቲም ብትጨምር ባለሱቁ በነጋታው ጎረቤትህ ጋ ነው።

ጋሼ ቁጠባ ሲባል መጀመሪያ የመጣላቸው አምፖል ነበር። ግቢ በገቡ ቁጥር «ይሄን ማነው ሳያጠፋ የተወው!» ነው። አምፖሎቻችን 9 ዋት ናቸው። አንዱ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ነው። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚበላውን አምፖል ልጨርስ ቢል ከ380 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ መብራት አለበት። ይህንን ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው። አይተው «ማጥፋቱ ግን ይልመድባችሁ» አሉ። እሱስ ልክ ናቸው።

ከዚያ የሣጥኗ ሰውዬ መጣ። የጋሼ የሥጋ ዘመድ ነው፣ መርካቶ ዕቃ ያመላልሳል። ጠዋት ሥራ በሞቀበት ሰዓት መጥቶ ሣጥኗን ሰካትና ማስረዳት ጀመረ። ከረንት ታስተካክላለች፣ የሚባክነውን ትመልሳለች፣ ምናምን። ጋጋሪዎቹ አንድ ጆሯቸውን ሰጥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። እትዬ ግን መጡ። እትዬ ከሁላችን በፊት እዚህ ቤት የገቡ ናቸው፣ ምጣዱ ሁለት ሳለ ጀምሮ። የሊጡን መቅጃ እንደያዙ ቆመው እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ረጋ ብለው፦

«ልጄ፣ የኛ መብራት የሚያልቀው ምጣዱ ግሎ እኛን ሲጠብቅ ነው። ይቺ እሱን ታስቀርልናለች?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። መሐንዲስ ቢመጣም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አይጠይቅም። ቤቱ ውስጥ የሚባክነው የት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ዕቃው ለዚያ ይበጅ እንደሆነም ጠየቁ።

ሰውዬው ምን አለ? «እማማ፣ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። እርስዎ ወደ ሊጥዎ።» ብሎ ሳቀ። ጋሼም ፈገግ አሉ። እትዬ አንድ ቃል አልመለሱም። ማሰሻቸውን አንስተው ወደ ምጣዳቸው ሄዱ። ሣጥኗ ተገዛች።

እኔ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ሄጄ «እትዬ፣ ምጣዱ ግሎ ሲጠብቅ ያሉት ምኑን ነው?» አልኳቸው። «ሌሊት ነይና እይው» አሉኝ። ሄድኩ።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዘበኛው ስምንቱንም ምጣድ በአንዴ ይለኩሳል። የታዘዘው እንደዚያ ነው። ጋጋሪዎቹ ሲገቡ ምጣዱ ይድረስላቸው ተብሎ። ችግሩ ሊጡ ሰዓት አያውቅም። አብሲቱ ገብቶ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፣ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ደግሞ ይዘገያል። ምጣዱ በሩብ ሰዓት ይደርሳል፣ ሊጡ ገና ነው። ግማሽ ሰዓት ባዶውን ይግላል። ከዚያማ የመጀመሪያው እንጀራ እንዳይቃጠል ጋጋሪዎቹ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ ያበርዱታል! በብር ያጋልነውን በውሃ ስናበርድ ቆሜ አየሁ። ጨርቁ ሲነካው ጭሱና ጩኸቱ አሁንም አይኔ ላይ አለ።

እዚያው ቆሜ በስልኬ ሠራሁት። 8 ምጣድ፣ እያንዳንዱ 3.5 ኪሎዋት፣ ግማሽ ሰዓት፦ 14 ኪሎዋት ሰዓት። እሑድን ብናወጣ እንኳ በወር ከ350 በላይ። አንድም እንጀራ ሳይወጣበት።

እትዬ በዚህ አላበቁም። እጄን ይዘው ወደ መጨረሻው ምጣድ ወሰዱኝና «ከሥር ንኪው» አሉኝ። ቆርቆሮው ይለበልባል። ውስጥ ያለው ጀሶ ተሰነጣጥቆ ሙቀቱ ወደታች እየወረደ ነው። የጎኑ ምጣድ ሥር ደግሞ እጄን አስቀምጬ መቆየት ቻልኩ። አክንባሎውም ጠርዙ ተጣሞ በአንድ በኩል እንፋሎቱ ይወጣል፣ ስለዚህ እዚያ ምጣድ ላይ እንጀራ ቶሎ አይበስልም። ይህንን ለጋሼ ከተናገሩ ቆይተዋል። ሰሚ አላገኙም እንጂ።

ሦስተኛውን ነገር የነገሩኝ ቡና እየጠጣን ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ትዕዛዝ ይሳሳል። ግን ሁሉም ጋጋሪ የየራሷን ምጣድ እንዳጋለች ትቀመጣለች፣ አንድ ስትጋግር ትጠብቃለች፣ አንድ ስትጋግር ትጠብቃለች። «አራቱን ዘግተን በአራቱ ሳናቋርጥ ብንጋግር ምን እንሆናለን? ሌሎቹ ሊጥ ያቡኩ፣ ጤፍ ይንፉ።» ስሌቱ ቀላል ነው። አራት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሲዘጋ በቀን 28 ኪሎዋት ሰዓት ይቀራል፣ ጠዋት ከሚባክነው እጥፍ ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራ ደግሞ ማብሪያው ጠፍቶ በሸክላው ሙቀት ብቻ ይወጣሉ፤ ይህንንማ ቤቱ በራሱ ወጪ የሚጋግር ሁሉ ያውቀዋል።

ጋሼን አስፈቅደን ጀመርን። እትዬ ቀድመው ገብተው ሊጡን አይተው «አሁን» እስኪሉ ዘበኛው ማብሪያ አይነካም። ምጣድ ሠሪ መጥቶ ጀሶውን አደሰ፣ አክንባሎው ተቀየረ። ከሰዓት በአራት ምጣድ ብቻ። በወሩ መጨረሻ የበላነው ኪሎዋት ሰዓት በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። በብር ሲታይ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፣ ታሪፉ በመሀል ጨምሯልና። ባንቀንስ ኖሮ ግን ምን ይውጠን እንደነበር ደብተሩ ላይ አለ።

ጋሼ ሒሳቡን አይተው ደስ አላቸው። «አላልኳችሁም? ሣጥኗ ሠራች!» አሉ።

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ሣጥኗ ውስጥ ያለው ከፓሲተር የሚባል፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ ይዞ የሚመልስ ዕቃ ነው። ከፓሲተር ሞተር ለሚያዞር፣ ለፋብሪካ፣ በፓወር ፋክተር (ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ በሚውለው ድርሻ) ማነስ ለሚቀጣ ድርጅት፣ በልኩ ተሠርቶ ሲገባ ይጠቅማል። ምጣድ ግን ሽቦ ነው። የገባበት ኤሌክትሪክ በሙሉ ሙቀት ይሆናል፣ ቆጣሪው የሚቆጥረውም ያንኑ ነው። ሣጥኗ የምታስተካክለው ነገር የለም። ይህን የነገረኝ ቤታችንን የሚጠግን ኤሌክትሪሺያን ነው። ማረጋገጫውንም እሱው አሳየኝ።

እሑድ ከሰዓት ጋሼን ቆጣሪው ፊት አቆምኳቸው። ቆጣሪያችን ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፣ 1,000 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሁሉንም አጥፍተን አንድ ምጣድ ብቻ ለኮስን። ሣጥኗ እንደተሰካች ጋሼ ሰዓታቸውን ይዘው በደቂቃ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ራሳቸው ጮክ ብለው ቆጠሩ። 58። ሣጥኗን ነቀልን። እንደገና ቆጠሩ። 58።

ትንሽ ዝም አሉና «ወሩ ግን ቀንሷል አይደል?» አሉኝ።

«ቀንሷል ጋሼ። በእትዬ ነው።»

«እንግዲህ በሁለቱም ይሆናል» አሉና ሣጥኗን መልሰው ሰኳት። ለቤታቸውም ሌላ አስመጥተዋል።

እኔ ጋሼን አከብራቸዋለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ደሞዝ አሳልፈው አያውቁም። ግን ብር የወጣበት ዕቃ ሠራ ማለት ይቀላቸዋል፣ በነጻ የተነገረ ምክር ሠራ ማለት ደግሞ ይከብዳቸዋል። ይህ የሳቸው ብቻ አይመስለኝም፣ በብዙ ቤት ያየሁት ነው። ያ «እርስዎ ወደ ሊጥዎ» ያለው ሰውዬ ዛሬም በኛ ቤት ስም ሌላ ቦታ ሣጥን ይሸጣል። «እነ እገሌ እንጀራ ቤት በአንድ አምስተኛ ቀንሶላቸዋል» እያለ።

ለእትዬ ጭማሪ ይደረግ ብዬ ጠይቄያለሁ። ጋሼ «እናየዋለን» ብለዋል። እትዬ ሲሰሙ «ተይው ልጄ፣ ዋናው ምጣዱ ይሥራ» አሉኝ። አልተውም። የዚህ ወር የደሞዝ መክፈያ ላይ ከስማቸው ጎን ጭማሪውን ሞልቼ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ወር የቆጣሪ ንባብም አያይዤ ነው ለፊርማ የማቀርበው።