ለሻይ ቡና ብዬ ሄጄ

ዛሬ ጣና ዳር ስልጠና ላይ ዋልኩ። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ለሻይ ቡናው ነበር። ርዕሱ ስደተኛ ተማሪዎችን ስለመደገፍ ነው። ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በመተማ በኩል ስንት ልጅ እንደገባ ታውቃላችሁ።

አሰልጣኟ በሩን ድንገት ዷ! አድርጋ ዘጋችው። ክው አልን። «በሉ አሁን 17 ሲባዛ በ8 ስንት ነው?» አለች። አርባ መምህር ጭጭ!

እኔ ግን አምና ያስተማርኩት ልጅ ትዝ አለኝ። ሰሌዳውን በዱላ ስመታ ዴስክ ሥር ይገባ ነበር። «ረባሽ» ብዬ አስወጣሁት። ሁለቴ። ለካ ፈርቶ ነው።

ከነገ ጀምሮ ዱላዋ ቤት ትቀራለች። ጠዋት በር ላይ ቆሜ በየስማቸው ሰላም እላቸዋለሁ፤ የቀኑን ፕሮግራምም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ልጅን ያረጋጋል።

ሻይ ቡናው? ቆሎ ብቻ!